የማይሰረዝ ባህሪ፦ በአንድ የሶፍትዌር መዝገብ ውስጥ የዓይነት ባህሪያትን ስለመወሰንና ስለማሻሻል የተዘጋጀ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የሶፍትዌር መዝገብ አንድ ድርጅት አፕሊኬሽኖቹንና አገልግሎቶቹን የሚመዘግብበት ሥርዓት ነው። በውስጡ የተመዘገበው እያንዳንዱ ነገር «ግቤት»፣ የግቤቶች ምድብ (ለምሳሌ አገልግሎት) «ዓይነት»፣ ስለ ግቤቱ የሚሞላው መረጃ (ለምሳሌ ኃላፊ ቡድኑ) ደግሞ «ባህሪ» ይባላል። ለአንድ ዓይነት አዲስ ባህሪ መጨመር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የዚያን ባህሪ ዓይነት መለወጥ፣ ግዴታ ማድረግ ወይም ጨርሶ ማንሳት ግን ባህሪው በሥራ ላይ ከዋለና በርካታ ግቤቶች እሴት ከያዙ በኋላ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ አንድ ድርጅት ይህን ልዩነት የተረዳበትንና መዝገቡን ሳያፈርስ ያስተካከለበትን መንገድ ያሳያል። ሥራውን በቅርብ ሆኜ ተከታትያለሁ። ድርጅቱም ሆነ ሠራተኞቹ በስም አልተጠቀሱም።

ዳራ

ድርጅቱ በርካታ የሶፍትዌር ቡድኖች አሉት። የሚያንቀሳቅሳቸውን አፕሊኬሽኖች፣ አገልግሎቶችና ዳታቤዞች እንዲሁም በመካከላቸው ያለውን ትስስር በአንድ ቦታ ለመመዝገብ አፓቺ አትላስን መረጠ። አትላስ በ2015 ወደ አፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የገባና በ2017 ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ለመሆን የበቃ ክፍት ሶፍትዌር ነው። በዋናነት የተሠራው ለዳታ አስተዳደር ቢሆንም፣ ተጠቃሚው የራሱን ዓይነቶች እንዲያበጅ ስለሚፈቅድ ሶፍትዌርን ለመመዝገብም ያገለግላል።

በአትላስ አንድ ዓይነት ከሌላ ዓይነት ባህሪያትን ይወርሳል። ከመነሻዎቹ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሪፈረንሴብል እያንዳንዱ ግቤት ሊደገም የማይችል ሙሉ መለያ ስም እንዲኖረው ያደርጋል። ከእሱ የሚወርደው አሴት ደግሞ ስም፣ መግለጫና ባለቤት የሚባሉትን ባህሪያት ይጨምራል። ድርጅቱ አፕሊኬሽን፣ አገልግሎትና የአገልግሎት በይነገጽ የሚሉ የራሱን ዓይነቶች ከአሴት አውርዶ ሠራ። በየጊዜውም የተለያዩ ሰዎች እንደየፍላጎታቸው ባህሪያትን ጨመሩ። ለጭማሪ ይቀርብ የነበረ የጽሑፍ ጥያቄ አልነበረም፤ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ይጨምር ነበር።

አንድ ባህሪ ሲወሰን ከስሙ በተጨማሪ የእሴቱ ዓይነት፣ አማራጭ ወይም ግዴታ መሆኑ፣ አንድ እሴት ወይም ብዙ እሴቶች መያዙ፣ ለፍለጋ ኢንዴክስ መደረጉና መነሻ እሴቱ (ማንም ካልሞላው በራሱ የሚይዘው እሴት) ይገለጻሉ። በዚህ ድርጅት አብዛኞቹ ባህሪያት የተወሰኑት እነዚህ ምርጫዎች ሳይታሰብባቸው ነበር። እሴቱ ነጻ ጽሑፍ፣ አማራጭ፣ ያለ መግለጫ ይደረግና ይታለፋል። መግለጫ አለመጻፉ በኋላ ከሁሉም በላይ ዋጋ አስከፍሏል፤ ባህሪውን የጨመረው ሰው ሥራ ሲቀይር ትርጉሙም አብሮት ሄዷልና።

ችግሩ

ችግሩ በሁለት አጋጣሚዎች ጎልቶ ወጣ። በመጀመሪያ፣ አንድ አገልግሎት ሌሊት ላይ ሲቋረጥ ተረኛው ባለሙያ ኃላፊውን ቡድን በመዝገቡ ፈለገ። ያገኘው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት የተበተነ ቡድን ስም ነበር። ቀጥሎ የውስጥ ኦዲት ክፍል የግል መረጃ የሚይዙት አገልግሎቶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀ። ከመዝገቡ የወጣው ሪፖርት ከአገልግሎቶቹ አብዛኞቹ እንደማይዙ ገለጸ፤ ሪፖርቱን ያዩት ባለሙያዎች ሁሉ ይህ እውነት ሊሆን እንደማይችል ያውቁ ነበር።

ምርመራው ሦስት ባህሪያት ላይ አተኮረ። «ኃላፊ ቡድን» የሚለው ባህሪ ነጻ ጽሑፍ በመሆኑ አንዱ ቡድን በበርካታ አጻጻፎች ተመዝግቧል፤ ከአሴት የተወረሰው የባለቤት ባህሪም በጎኑ ስላለ ግማሹ ሰው አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይሞላል። «የወሳኝነት ደረጃ» የሚለውም ነጻ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ በቁጥር፣ ሌላው በቃል፣ ሌላው ደግሞ በአረፍተ ነገር ሞልቶታል። ሦስተኛውና አሳሳቢው «የግል መረጃ ይይዛል» የሚለው የእውነት ወይም ሐሰት ባህሪ ሲሆን መነሻ እሴቱ «ሐሰት» ተደርጓል። አገልግሎቶችን እየቃኘ በራሱ የሚመዘግበው ፕሮግራም ይህን ባህሪ ስለማይሞላ አዲስ ግቤት ሁሉ «ሐሰት» ይዞ ይፈጠራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የግል መረጃ አይይዝም» የሚለው መልስ አንድ ሰው አጣርቶ የሰጠው ይሁን ማንም ያልተጠየቀው የሚለይበት ምንም ምልክት አልነበረም። ሪፖርቱን የሚያወጡት ሰዎች ለኦዲት ክፍሉ በቅን ልቦና ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የጻፍኩት ከሦስቱ ባህሪያት በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ይህ በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራና የመዝገቡ መልስ

የመዝገቡ ኃላፊ በመጀመሪያ ያሰቡት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተካከል ነበር። ተደራራቢውን ባህሪ ማንሳት፣ የወሳኝነት ደረጃን ወደ ዝግ ዝርዝር መለወጥና ሦስቱንም ግዴታ ማድረግ ፈለጉ። አትላስ ግን አልተቀበለውም። ሥራ ላይ ላለ ዓይነት አዲስ የግዴታ ባህሪ መጨመር አይፈቅድም፤ የነበረን ባህሪ ከዓይነቱ ፍቺ ማንሳትም አይደግፍም።

ከቡድኑ አንዱ ባለሙያ ያጋጠመው ስህተትም ይህንኑ ይመለከታል። አንድ አማራጭ ባህሪ ብቻ ለመጨመር ፈልጎ በማሻሻያ ጥያቄው ውስጥ ያንን ባህሪ ብቻ ጻፈ። የተመለሰለት መልእክት ባህሪን መሰረዝ እንደማይቻል የሚገልጽ ነበር። ምንም ሊሰርዝ ስላላሰበ ግራ ተጋባ። ምክንያቱ የማሻሻያ ጥያቄው የዓይነቱን ሙሉ ፍቺ መያዝ ያለበት መሆኑ ነው፤ ያልተጻፈው ባህሪ እንዲሰረዝ እንደተጠየቀ ይቆጠራል። ትክክለኛው አሠራር ወቅታዊውን ፍቺ ከመዝገቡ አውርዶ፣ በእሱ ላይ ጨምሮ፣ ሙሉውን መልሶ መላክ ነው።

ቀጥሎ የተነሳው ሐሳብ ዓይነቱን ሰርዞ እንደ አዲስ መሥራት ነበር። ይህ መንገድ የተተወው ከተመረመረ በኋላ ነው። ግቤቶች ያሉት ዓይነት አይሰረዝም፤ በተለመደው ቅንብር ደግሞ ግቤትን መሰረዝ ማለት «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ማድረግ እንጂ ከዳታቤዙ ማውጣት ስላልሆነ እነዚያም ተለይተው መወገድ አለባቸው። ከዚህ በላይ የሚከብደው ኪሳራው ነበር። ግቤቶቹ እንደገና ቢፈጠሩ ውስጣዊ መለያ ቁጥራቸው ይለወጣል፣ የለውጥ ታሪካቸው ይጠፋል፣ መለያ ቁጥሮቹን የያዙ የሌሎች ሥርዓቶች ማጣቀሻዎችም ይበጠሳሉ። ጥያቄው በኦዲት ምክንያት የመጣ ሆኖ ሳለ የኦዲት ታሪክን ማጥፋት ተገቢ አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አንባቢዎችን መለየት። ፍቺውን ከመንካት በፊት ቡድኑ እያንዳንዱን ባህሪ ማን እንደሚያነብ አጣራ። መዝገቡ ባህሪን ማን እንዳነበበ ስለማይመዘግብ ሦስት መንገዶችን አጣመሩ። ወደ መዝገቡ የሚመጡ የፍለጋ ጥያቄዎችን ሎግ አዩ፣ የባህሪያቱን ስሞች በድርጅቱ የኮድ ማከማቻዎች ውስጥ ፈለጉ፣ ቡድኖችንም በቃል ጠየቁ። የታወቁት አንባቢዎች ሪፖርቱና የማሳወቂያ ስክሪፕቱ ነበሩ። ያልታወቀው የአንድ ቡድን የማሰማሪያ መሣሪያ (አዲስ የሶፍትዌር ሥሪትን ወደ ሥራ የሚያስገባ ፕሮግራም) ሲሆን፣ የወሳኝነት ደረጃው ከአንድ የተወሰነ ቃል ጋር ፊደል በፊደል ሲገጥም ብቻ ተጨማሪ ማጽደቅ ይጠይቃል። የእሴቱ አጻጻፍ ቢስተካከል ኖሮ ይህ መሣሪያ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ማጽደቁን መጠየቅ ያቆም ነበር። ይህን ግኝት ያስገኘው ኮድ ውስጥ መፈለጉ ነው፤ ያ ቡድን በቃል ሲጠየቅ ከመዝገቡ ምንም እንደማያነብ ተናግሯል።

ቡድንን ግቤት ማድረግ። የኃላፊ ቡድን ጉዳይ በተሻለ የጽሑፍ ባህሪ የሚፈታ እንዳልሆነ ታወቀ። ቡድን ራሱ የሚፈጠር፣ ስሙ የሚለወጥና የሚበተን ነገር ነው። ስለዚህ «ቡድን» የሚባል ዓይነት ከአሴት ወርዶ ተሠራ፤ ከአገልግሎት ጋርም በግንኙነት ፍቺ ተያያዘ። አትላስ ሦስት የግንኙነት ምድቦች አሉት። በኮምፖዚሽን የተያያዘ ግቤት ሕልውናው በባለቤቱ ላይ ይመሠረታል። በአግሪጌሽን የመያዣና የተያዥ ዝምድና ቢኖርም አንዱ ያለሌላው መኖር ይችላል። አሶሴሽን ግን ተራ ትስስር ነው። የተመረጠው አሶሴሽን ነው፤ ቡድን ሲበተን አገልግሎቱ አብሮ መጥፋት የለበትምና። በተቃራኒው፣ ቡድኑ ተሰርዞ አገልግሎቱ ያለ ኃላፊ ሲቀር በፍለጋ ወዲያው ይታያል። ነጻ ጽሑፍ ይህን ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

አዲስ ባህሪ በአሮጌው ጎን። ለወሳኝነት ደረጃ ኢነም የሚባለው ዝግ የእሴት ዝርዝር ተወስኖ፣ በአዲስ ስም አማራጭ ባህሪ ተጨመረ። ከአሮጌው እሴቶች ትርጉማቸው የማያሻማው በስክሪፕት ወደ አዲሱ ተዛወሩ፤ የቀሩት ባዶ ተተው ለየቡድኖቹ ተላኩ። በዚህ ላይ ክርክር ነበር። ገሚሱ የቀሩት ሁሉ «መካከለኛ» ቢባሉ ሪፖርቱ የተሟላ እንደሚሆን ገለጸ። ያሸነፈው ሐሳብ ግን ግምት አንዴ መዝገብ ውስጥ ከገባ ከተጣራ መልስ እንደማይለይ የሚያስረዳው ነበር። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ የጠቅላላው ሥራ ትክክለኛ ማዕከል ነው።

የግል መረጃን ጥያቄ ወደ ሌላ እጅ ማዛወር። ለዚህ ባህሪ ሁለት አማራጮች ታዩ። አንደኛው ክላሲፊኬሽን የሚባለው በግቤት ላይ የሚለጠፍ ምደባ ነው። ይህ አልተመረጠም፤ ምደባው አለመለጠፉ «አይይዝም» ማለትም «አልተጠየቀም» ማለትም ስለሚሆን የቀድሞውን ጉድለት በሌላ መልክ ይመልሰዋል። የተመረጠው በ2020 በወጣው 2.1 ሥሪት የተጨመረው ቢዝነስ ሜታዳታ ነው። እዚህ ባህሪያት በቡድን ተሰባስበው፣ ለየትኞቹ ዓይነቶች እንደሚያገለግሉ ተገልጾ፣ ከዓይነቱ ፍቺ ውጭ ይወሰናሉ። የመሙላት ፈቃዱም ከግቤቱ የማሻሻያ ፈቃድ ተለይቶ ሊሰጥ ይችላል። መልሱን የሚሰጠው የዳታ ጥበቃ ክፍል እንጂ አገልግሎቱን የጻፈው ቡድን ስላልሆነ ይህ መለየት አስፈላጊ ነበር። እሴቶቹ «ይይዛል»፣ «አይይዝም» እና «በመጣራት ላይ» ሲሆኑ መነሻ እሴት ሆን ተብሎ አልተሰጠም።

ግዴታውን በመግቢያው ላይ ማስቀመጥ። መዝገቡ ግዴታን ስላልተቀበለ ግዴታው ወደ ማሰማሪያው ሂደት ተዛወረ። አንድ አገልግሎት አዲስ ሥሪት ሲያሰማራ ኃላፊ ቡድንና የወሳኝነት ደረጃ እንዳለው ይፈተሻል። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ የጎደሉት ግቤቶች ቁጥር ከቀነሰ በኋላ ማሰማራትን የሚያግድ ሆነ። አሮጌ፣ የማይነካ አገልግሎት ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ እንቅስቃሴ ያለው ሁሉ ግን እየተሟላ ይሄዳል።

አሮጌዎቹን ማሳረፍ። ሊሰረዙ ያልቻሉት ባህሪያት በመግለጫቸው መጀመሪያ ላይ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸው፣ የተካቸው ባህሪና ምክንያቱ ተጻፈባቸው። ከመሙያው ቅጽ ወጡ። የዓይነቶቹ ፍቺዎችም በሙሉ በኮድ ማከማቻ ውስጥ በፋይል ተቀመጡ፤ ማንኛውም ለውጥ በሌላ ባለሙያ ታይቶ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ በተነሳ የሙከራ መዝገብ ላይ ተሞክሮ እንጂ በቀጥታ እንዳይገባ ተወሰነ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉም የላቀ ውጤት ያስገኘው ቡድንን ግቤት ማድረጉ ነው። የቡድን ስም ሲለወጥ አንድ ቦታ ብቻ ይስተካከላል፤ ተረኛው ባለሙያም ከአገልግሎቱ ወደ ቡድኑ፣ ከቡድኑ ወደ መገናኛ አድራሻው በቀጥታ ይደርሳል። በመግቢያው ላይ የተደረገው ፍተሻም ሠርቷል፤ የሠራው ግን ቡድኖቹ በማስጠንቀቂያው ወቅት ቅሬታቸውን የሚያሰሙበት ጊዜ ስለነበራቸው ነው።

አሮጌውና አዲሱ የወሳኝነት ባህሪ ጎን ለጎን የቆዩበት ወቅት ግን በታሰበው መልኩ አልሄደም። መቃኛው ፕሮግራም አሮጌውን፣ ሰዎች ደግሞ በቅጹ አዲሱን ይሞሉ ስለነበር ሁለት ሪፖርቶች ስለ አንድ አገልግሎት የተለያየ ደረጃ አወጡ። መፍትሔው አሮጌውን ባህሪ ማንም እንዳይጽፍበት አድርጎ እሴቱ ከአዲሱ ብቻ በስክሪፕት እንዲሰላ ማድረግ ሆነ። የማሰማሪያ መሣሪያው የሚጠብቀው ቃልም በዚሁ ስክሪፕት በኩል ሳይለወጥ ቀረበለት፤ ባለቤቶቹም በራሳቸው ጊዜ ወደ አዲሱ ባህሪ ተሻገሩ።

ሌላው ሊመለስ ያልቻለ ጉድለት ከቢዝነስ ሜታዳታው ጋር የተያያዘ ነው። የግል መረጃ ጥያቄው እንዲያገለግል የተደረገው ለወላጁ ዓይነት ለአሴት ነበር፤ እያንዳንዱን ዓይነት መዘርዘር አላስፈላጊ መስሎ ታይቶ ነበር። ለወላጅ የተሰጠው ለሚወርዱት ዓይነቶች ሁሉ ስለሚያገለግል ጥያቄው «ቡድን» በሚለው ዓይነት ላይም ታየ፤ እዚያ ትርጉም የለውም። ለማጥበብ ሲሞከር አትላስ አሁንም አልፈቀደም። የሚያገለግልባቸውን ዓይነቶች መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም። በሙከራው መዝገብ ላይ ይህ ያልታየው እዚያ የቡድን ግቤቶች ገና ስላልነበሩ ነው። አሁን ቅጹ ላይ ተደብቋል፤ በፍቺው ውስጥ ግን ይኖራል።

በተጨማሪም ባዶ መሆንና «በመጣራት ላይ» መሆን ለአንዳንዶች አንድ መስለው ታዩ። ባዶ ማለት ማንም አልተጠየቀም፣ «በመጣራት ላይ» ማለት ደግሞ ተጠይቆ መልሱ እየተጠበቀ ነው ማለት መሆኑ በባህሪው መግለጫ ላይ በግልጽ እስኪጻፍ ድረስ ሪፖርቶቹ ሁለቱን ደምረው ያወጡ ነበር።

ወደ ሌሎች መዝገቦች የሚወሰዱ ነጥቦች

የአትላስ ጥብቅነት የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። የድርጅት ተጠቃሚዎችንና ኮምፒውተሮችን በሚመዘግበው በማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ በስኪማው (በፍቺዎቹ ስብስብ) ላይ የተጨመረ ባህሪ ከአገልግሎት ውጭ ሊደረግ ይችላል እንጂ አይሰረዝም። ፕሮግራሞች የሚለዋወጡትን ዳታ ቅርጽ ለመወሰን በሚያገለግለው በፕሮቶኮል በፈርስ የተወገደ መስክ (የባህሪ አቻ) ቁጥር ለሌላ መስክ እንዳይሰጥ ተይዞ እንዲቆይ ይመከራል፤ ሦስተኛው ሥሪትም ግዴታ መስክ የሚለውን ነገር ጨርሶ ትቶታል። ዳታን ለማከማቸትና ለመለዋወጥ በሚያገለግለው በአቭሮ አዲስ አንባቢ የቀድሞውን ዳታ ማንበብ እንዲችል አዲስ የተጨመረ መስክ መነሻ እሴት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ሁሉ የሚስማሙበት ጉዳይ አለ። ቀደም ብሎ የተጻፈ ዳታና በርቀት ያለ አንባቢ እስካሉ ድረስ ፍቺን ማስፋት ቀላል ነው፣ ማጥበብ ግን ያለውን ይሰብራል። ስለዚህ አንድ ሰው ባህሪ ሲወስን የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህን ማወቅ ይጠቅማል ወይ» የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ባህሪው ለዘለዓለም ቢቆይ ጉዳት እንደሌለው ጭምር ማየት አለበት።

ከዚህ ጉዳይ በጣም ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የመነሻ እሴትን ይመለከታል። በአቭሮ መነሻ እሴት የቀድሞ ዳታ እንዲነበብ የሚያስችል የቴክኒክ መሣሪያ ነው። ሰው አጣርቶ ሊመልሰው በሚገባ ጥያቄ ላይ ሲሰጥ ግን ዝምታን ወደ መልስ ይለውጣል። ደኅንነትን፣ የግል መረጃንና ኃላፊነትን በሚመለከቱ ባህሪያት ላይ መነሻ እሴት እንዳይሰጥ፣ ሁለት አማራጭ ብቻ ያለው የእውነት ወይም ሐሰት ዓይነትም እንዳይመረጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ሦስተኛው፣ «ገና አልታወቀም» የሚለው እሴት፣ ከሁለቱ እኩል ክብደት ያለው እውነተኛ መልስ ነው።

ግዴታን በዓይነቱ ፍቺ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ዳታው በሚገባበት በር ላይ ማስቀመጥ የሚመረጠው መዝገቡ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም። በር ላይ ያለ ደንብ ደረጃ በደረጃ ሊጠነክር፣ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት ሊላላ፣ ስህተት ሆኖ ሲገኝም በአንድ ቀን ሊነሳ ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ወደ መዝገቡ የሚያስገቡ በሮች ሁሉ ከታወቁ ነው፤ በዚህ ጉዳይ መቃኛው ፕሮግራም የተረሳ በር ነበር።

አንድ ነገር ባህሪ ይሁን ወይስ ራሱን የቻለ ግቤት የሚለውን ለመለየት ቡድኑ የተጠቀመበት መለኪያ ቀላል ነው። ነገሩ የራሱ ስም፣ የራሱ ለውጥና የራሱ መጨረሻ ካለው ግቤት ይሁንና በግንኙነት ይያያዝ። በሌላ ነገር ላይ ብቻ ትርጉም ካለው ባህሪ ይሁን። ይህ መለኪያ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ለምሳሌ የማሰማሪያ አካባቢን በሚመለከት ቡድኑ እስካሁን አልተስማማም።

ዛሬ በድርጅቱ አዲስ ባህሪ የሚፈልግ ሰው በጥያቄው ውስጥ እሴቱን ማን እንደሚሞላ፣ ማን ወይም የትኛው ፕሮግራም እንደሚያነብ፣ ባዶ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነና መነሻ እሴት ከጠየቀ ለምን እንደጠየቀ ይጽፋል። አንባቢ ያልተጠቀሰበት ጥያቄ ተመላሽ ይደረጋል። ከአገልግሎት ውጭ የሆኑት ባህሪያት በፍቺው ፋይል ውስጥ በአንድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ የመጨረሻው የአሮጌ እሴት አንባቢ ሲሻገር እሴቶቹ ከግቤቶቹ ላይ እንዲጸዱ ታቅዷል።